ሳልጠየቅ የመረቅሁት አተር

ነገሩ ያስከፈለኝ አንድ የብስክሌት ዲናሞ፣ አንድ ካርቶን ሳሙናና የቅዳሜ ገበያ ነው። የሚቆጨኝ ገበያው ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ቅዳሜ ሱቁን የሚዘጋ ነጋዴ ወይ ሞቶበታል ወይ ሞቷል።

ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት። የፊዚክስ መምህሯ ኢነርጂ ከአንዱ መልክ ወደ ሌላው ሲለወጥ የሚያሳይ ማሽን ሥሩ አላቸው፤ ወላጅ ባለበት ይታያል፣ ሙከራው አንዴ ብቻ ነው። ከሃያ ዐሥራ አምስት ያመጣ ለዞኑ ኤግዚቢሽን ያልፋል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌላ ወሬ ከአፏ አልወጣም።

ማሽኗ እንዲህ ነው፦ ብይ ከጣውላ ላይ ተንከባሎ የመጀመሪያዋን ሳሙና ይገፋል፤ የቆሙት ሳሙናዎች ተራ በተራ ይወድቃሉ፤ የመጨረሻዋ አተር የያዘ ጣሳ ከጠረጴዛ ትጥላለች፤ ጣሳው ሲወርድ የታሰረበት ክር ዲናሞውን ያሽከረክራል፣ አምፖል ይበራል።

«ገባኝ» አልኳት፤ «ሁሉም ለቀጣዩ ሲያስተላልፍ ትንሽ ይቆርጣል።»

«እሱ ሰበቃ ይባላል፣ አባዬ።»

«እኛ ደላላ ነው የምንለው።»

ለጣሳው ነጭ አተር በሱቄ ሚዛን ግማሽ ኪሎ ልክ አድርጋ መዘነች። ቤት ስንሞክረው አምፖሉ በራ፤ ለኔ ግን ፈዘዝ አለብኝ።

ቅዳሜ ክፍላቸው ውስጥ ተራዋ ሊደርስ ሲል መምህሩ ለአፍታ ጠሯት፤ እኔ ማሽኑ አጠገብ ቀረሁ። በኮቴ ኪስ ውስጥ ከአንኮበር የመጣ አረንጓዴ አተር ናሙና ነበር። ደንበኞቼ «መርቅልን እንጂ!» ሲሉኝ ፍሬ ቆጥሬ የምጨምር ሰው፣ ሳልጠየቅ የመረቅሁት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው። አምፖሉ ደምቆ ይብራላት ብዬ ሁለት እፍኝ ጣሳው ላይ ደፋሁ።

ብዩ ሄደ። ሳሙናዎቹ ወደቁ። ጣሳው ቁልቁል ሲወረወር ክሩ ተበጠሰ፤ አተሩ ክፍሉን ሞላው።

«ውይ፣ ሰውየው ገበያውን እዚህ አመጣው!» አለች አንዷ እናት።

ልጄ ጎንበስ ብላ አንዲት አረንጓዴ ፍሬ አነሳች። «አባዬ፣ መረቅህበት?»

«ትንሽ።»

«አንተ! ለሰው መርቀህ ታውቃለህ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ አልሳቀችም፤ ወደ መምህሩ ዞረች። «ክብደቱ ሲጨምር ክሩ አልቻለም። ወደ ብርሃን ሊለወጥ የነበረው ኢነርጂ ጣሳው ወለሉን ሲመታ ድምፅና ሙቀት ሆነ።»

«ቲቸር፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ትድገመው» አልኩ።

«ጋሼ፣ ለሁሉም አንዴ ነው።»

ለማብራሪያው ዐሥር ከዐሥር፣ ላልበራው አምፖል ዜሮ ከዐሥር። ድምር ከሃያ ዐሥር። አላለፈችም።