ለሁሉም አንድ ጭልፋ

የትምህርት ቤቱን ምግብ አብሳይ እናታቸው ባወጡላቸው ስም የሚጠሯቸው ባለቤታቸው ብቻ ነበሩ። ተማሪው ሁሉ «እትዬ ጭልፋ» ይላቸዋል። ስሙ በክፋት የወጣ አይደለም። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ እጀታዋ በጨርቅ በተጠቀለለ ረጅም ጭልፋ ሾርባ ሲቀዱ ያላያቸው ልጅ በሰፈሩ ስለማይገኝ ነው። መጀመሪያ ሲሰሙት ተቆጥተው ነበር። በኋላ ግን አንዲት ሕፃን መንገድ ላይ «እማዬ፣ እትዬ ጭልፋ!» ብላ ሮጣ እግራቸው ላይ ስትጠመጠም ቁጣቸው በኖ ጠፋ።

አንድ ማክሰኞ የአራተኛ ክፍል ልጆች ከወትሮው ይልቅ እየተንጫጩ ወደ ምሳ አዳራሹ ገቡ። ከፊት የቆመው ጓደኞቹ «ለምን» የሚሉት ልጅ ነበር። ይህን ቃል ሳይናገር አምስት ደቂቃ መቆየት አይሆንለትም።

«እትዬ፣ ለሁሉም ሰው በየወሩ መሠረታዊ ገበታ ሊሰጥ ነው?» አላቸው ሳህኑን እየዘረጋ።

«የምን ገበታ?»

«መምህራችን ናቸው የነገሩን። ሀብታምም ሆነ ድሃ፣ ሠራም አልሠራም፣ ለሁሉም እኩል ይሰጠዋል። እኛ ደግሞ ስለ ገበታ ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃል ብለን...»

«ገቢ ነው ያልኩት! ገቢ!» አለ ወጣቱ መምህር ከሰልፉ መጨረሻ። እጅጌው በጠመኔ ነጥቷል። «ገንዘብ ማለት ነው! ሰሌዳ ሙሉ ጽፌላቸው፣ እትዬ፣ ይዘው የወጡት ገበታ ብቻ!»

እትዬ ጭልፋ ጭልፋዋን ድስቱ ውስጥ ለቀው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ዕንባቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ሲያበቁ ግን አሰብ አደረጉ።

«ገበታ ማለታቸውስ ቢሆን መች ራቁ?» አሉ። «መጀመሪያ ልጆቹ ይብሉ። ከዚያ እዚህ ይቆዩልኝ።»

ልጆቹ በልተው ሲጨርሱ እትዬ ጭልፋ ለነገ የሚሆነውን ድንች በባልዲ አምጥተው ተቀመጡና እየላጡ ማውራት ጀመሩ።

«እኔ እዚህ ስቀጠር ምሳ ለሁሉም አልነበረም። አባቱ ያለው ይከፍላል። የሌለው ቢጫ ካርድ ያሳያል። ካርዷን ለማግኘት ደግሞ አባትየው ቢሮ ለቢሮ ዞሮ ድህነቱን በሦስት ማኅተም ማስመስከር አለበት። ታዲያ አንድ ልጅ ነበር፣ ካርዱን ካልሲው ውስጥ የሚደብቅ። ሰው እንዳያይበት ብሎ በየቀኑ ‹አልራበኝም› ይለኛል። ሆዱ ሲጮህ ግን እኔ እዚህ ሆኜ እሰማለሁ!»

ልጆቹ ሳቁ። መምህሩ አልሳቀም።

«አንዲቷ ደግሞ አባቷ ሥራው ጠፋበት። አዲስ ካርድ እስኪጻፍላት ዓመቱ አለቀ። በመጨረሻ ትምህርት ቤቱ ‹በዚህ በር የገባ ሁሉ ይበላል› አለ። ካርዶቹን ምድጃ ውስጥ የከተትኳቸው እኔው ነኝ። እንዴት እንደነደዱ ብታዩ! እና መምህራችሁ ያሉት ነገር ይኸው ነው፤ በሾርባ ፈንታ ገንዘብ፣ በልጅ ፈንታ ሰው ሁሉ።»

መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ልጅ እጇን አወጣች። አባቷ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ነው። «እኔስ? አባቴ ምሳ መግዛት ይችላል እኮ።»

«ይችላል እንጂ። ግን አንቺን ለመከልከል በሩ ላይ አንድ ሰው ቆሞ ልጁን ሁሉ ‹ያንተ አባት ምን አለው?› እያለ ሊጠይቅ ነው። እሱም ደመወዝ ይፈልጋል፣ ያ ምስኪን ልጅም ካርዱን የሚደብቅበት ካልሲ ሊፈልግ ነው። ያንቺን ጭልፋ አባትሽ በግብር ይመልሰዋል።»

«ግብር! እሱንም ጽፌው ነበር!» አለ መምህሩ።

«ለምን ይሠራል ታዲያ ሰው?» አለ «ለምን» የሚሉት ልጅ። «ዝም ብሎ ከተሰጠው?»

«አንተ አሁን ጠግበሃል። ልትተኛ ነው?»

«ኳስ ልጫወት ነው።»

«አየህ። የሚተኛም አይጠፋም፣ ለምን እዋሻለሁ፤ ታላቅ ወንድሜን አውቀው የለ! ትልልቆቹም የሚከራከሩት በዚሁ ነው። ገንዘቡ ከየት ይመጣል፣ ይበቃል ወይ፣ ሰው ይሰንፋል ወይ እያሉ። መልሱን እኔም አላውቀውም።»

«እርስዎስ?» አለች ባለመነጽሯ ቀስ ብላ። «በየወሩ ቢሰጥዎት ይቀሩብናል?»

ቢላዋው ድንቹ ላይ ቆመ። እትዬ ጭልፋን እንዲህ ያለ ነገር ጠይቋቸው የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እሳቸውም ራሳቸውን ጠይቀው አያውቁም።

«እመጣለሁ» አሉ። «እናንተን ሳላይ ምን ልሠራ? ግን እንዳሁኑ ጎህ ሳይቀድ አልመጣም! ያን ድስትም ብቻዬን አላነሣም። ‹ረዳት አምጡ፣ ካላመጣችሁ ቤቴ እቀመጣለሁ› እል ነበር። አሁን እንዳልል አፌን የሚይዘኝ የወሩ መጨረሻ ደመወዝ ነው።»

ይህን ከተናገሩ በኋላ ከአፋቸው በወጣው ነገር ራሳቸው ደንግጠው ድንቹን እንደ ጉድ መላጥ ያዙ።

በማግሥቱ መምህሩ «የገባችሁን ጻፉ» ብሎ የቤት ሥራ ሰጠ። ከሠላሳ ስምንቱ ልጅ ሠላሳ አንዱ የጻፈው ስለ ድስቱ ነበር። የ«ለምን» ጽሑፍ አጭር ናት፤ «መሠረታዊ ገቢ ማለት እትዬ ጭልፋ እምቢ ማለት ሲችሉ ነው። አሁን ለምን አይችሉም?» ትላለች። መምህሩ ወረቀቶቹን ሰብስቦ ለርዕሰ መምህሯ ወሰደላቸው።

ርዕሰ መምህሯ ቀልድ የማያውቁ ሴት ናቸው። ዓርብ ጠዋት ወጥ ቤት ገቡ፣ የእጅ ቦርሳቸውን አስቀመጡ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ድስቱን በሁለት እጃቸው ያዙት። ድስቱ ንቅንቅ አላለም።

«ይህን ነው ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ?» አሉ እያለከለኩ።

«ድሮ ቀለል ይል ነበር» አሉ እትዬ ጭልፋ። «ልጆቹ በዝተው ነው።»

ርዕሰ መምህሯ ከት ብለው ሳቁ። እንዲህ ሲስቁ የሰማቸው ሰው ስላልነበረ የጽዳት ሠራተኛዋ «ምን ተፈጠረ?» ብላ መጥረጊያዋን እንደያዘች ሮጣ መጣች።

ወሩ ሳያልቅ ባለ ጎማ ጋሪ ተገዛ። ልብስ ማጠቢያ ቤት ትሠራ የነበረች ጉልበታም ወጣትም ረዳት ሆና ተቀጠረች። የማለዳውን እሳት የምታቀጣጥለው እሷ ሆነች፤ እትዬ ጭልፋ አንድ ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። ለሁሉም ሰው ስለሚሰጠው ገንዘብ ግን እስከ ዛሬ ጋዜጣ ላይ ክርክሩ እንደቀጠለ ነው።

በአዲሱ ሰዓት የመጀመሪያ ቀን ባለቤታቸው፣ ጡረታ የወጡት ፖስተኛ፣ ሲነቁ ሚስታቸውን አጠገባቸው አገኟቸው። መስኮቱ ነግቶበታል።

«ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» አሉ ተነሥተው እየተቀመጡ።

«ኧረ ደህና ነኝ» አሉ እትዬ ጭልፋ ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው እየሳቡ። «ተኝቻለሁ። ሻይ አፍላልኝ።»