የተጠቀለለው አውራ ጣት

«ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ» ብለው የወሰዱኝ ሐይቅ ከተማ ካለችው ጠባብ ቢሮዬ ነው። ጠበቃ ስለሆንኩ የዚያች አምስት ደቂቃ ርዝመት አልጠፋኝም፤ ጃኬቴን ደርቤ ወጣሁ። ጦርነቱ ከከተማችን ከወጣ ብዙም አልቆየም ነበር። ፖሊስ ጣቢያው በውጊያው ስለፈራረሰ እስረኛ የሚቀመጠው አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የአሮጌ ማሽላና የነቀዝ መድኃኒት ሽታ ነበር። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ፣ ግድግዳ ተደግፈው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አየሁ። የቀኝ አውራ ጣታቸውን ከሽርጣቸው ጫፍ በቀደዱት ጨርቅ ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ሸጉጠውታል።

«ና ግባ፣ ልጄ» አሉኝ። «ያንተ ወረቀት ሁለታችንንም አመጣን።»

ብለው ሳቁ። ያን ጊዜ አወቅኋቸው። እኔ በጻፍኩት ማመልከቻ ላይ ከሁሉም ቀድመው አውራ ጣታቸውን ያሳረፉት ገበሬ ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሐይቅ ወደ አምባሰል የሚወጣ የጠጠር መንገድ አለ። አንድ ባለሀብት ጥቂት መኪና ጠጠር አፈሰሰበትና ከወረዳው ፈቃድ አውጥቶ ገመድ ወጠረ። ባጃጁም፣ እህል የጫነው መኪናም፣ የግሸን ተሳላሚ የያዘው አውቶቡስም፣ አህያ የሚነዳው ገበሬም ሳይከፍል አያልፍም። ለውጥ መጣ የተባለ ሰሞን «ከእንግዲህ ሁሉም በሕግ ነው» ሲሉ ካመኑት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ስለዚህ አምስት ነጥብ ዘርዝሬ ጻፍኩ። በሕዝብ መንገድ ላይ ክፍያ ለመጣል ለወረዳው ሥልጣን የሰጠው የትኛው ሕግ ነው? ጨረታ ለምን አልወጣም? ሌላ መተላለፊያ የሌለው ሰው በየት ይሂድ? እያልኩ። ለወረዳው ኃላፊ ሳቀርብ «ማህተሙ ይኸው» አለኝ። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች። እኔ ግን መልሱን አልተቀበልኩም፤ በሳምንቱ «በአስቸኳይ ጊዜ ሕዝብ በማነሳሳት» ተይዤ መጋዘኑ ውስጥ ገባሁ።

«አባቴ፣ ጣትዎን ምን ነካው?» አልኳቸው በመጀመሪያው ቀን።

«አሁን ምንም አልነካው። እንዳይነካ ነው እንጂ።»

አባታቸው በንዳድ ወድቀው ነፍሳቸውን ሳያውቁ፣ አንድ ጉልበተኛ ጣታቸውን ቀለም ነክሮ የመሬት ውል ላይ አሳርፎባቸው ነበር። ቤተሰቡ መሬቱን ያጣው እንደዚያ ነው።

«አንተ ስትተኛ ፊርማህም አብሮህ ይተኛል» አሉኝ። «የኔን ግን ተኝቼም ይወስዱታል።»

ጠበቃ አይደለሁ? እንዲህ ያለውን ማህተም ሕግ እንደማይቀበለው ላስረዳቸው ሞከርኩ።

«ሕጉማ ገመዱንም አይቀበልም ብለኸኝ ነበር» አሉ።

ጨርቁን የሚፈቱት ለውዱእ ብቻ ነው። ጀርባቸውን ሰጥተው ታጥበው፣ ሰግደው መልሰው ይጠቀልሉታል።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት መርማሪው አንድ ወረቀት ሰጠኝ። ወጣት ነው፣ ቃሉም ለስላሳ። ወረቀቱ «የገበሬዎቹን ጣት ያሳረፍኩት ይዘቱን ሳልነግራቸው ነው፤ ማመልከቻውንም አንስቻለሁ» ይላል። ከፈረምኩ በዚያው ዕለት እወጣለሁ። እስከ ከሰዓት እንዳስብበት ነግሮ መለሰኝ። ሚስቴ ወሯ ገብቶ ነበር። ስንቅ ስታመጣ እየከበደች ስትራመድ በበሩ ስንጥቅ አያት ነበር። ፈራሁ። ይህን ዛሬም አልደብቅም።

«ልፈርም ነው» አልኳቸው ለሽማግሌው።

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«አልፈርድብህም። አላህ በሰላም ይገላግላት» አሉኝ። «ግን እንዲያው አንድ ነገር ልጠይቅህ። አምስት ነጥብ ጻፍክ። መንገዱን ማን እንደሠራው ለምን ሳትጽፍ ቀረህ?»

አላውቅም ነበር። መንግሥት ነው ብዬ ነበር የማስበው። ፈቃዱ ደግሞ «ባለሀብቱ በራሱ ካፒታል የሠራው መንገድ» ይላል፤ እኔም ስለ ሥልጣን ስከራከር ይህችን ዐረፍተ ነገር ዘልያት ሄጃለሁ።

«በደቦ ነው የሠራነው። በአካፋና በዶማ። ለክርስቲያኑ በዓል ሲሆን እስላሙ ይወጣል፣ ጁምዓ ሲሆን ክርስቲያኑ ይወጣል። ወላሂ፣ ሥራው አንድ ቀን አልቆመም።»

ከዚያ ከሐይቅ ጀምረው መንገዱን በቃላቸው ወጡት። ይኼን ቁልቁለት የትኛው መንደር እንደቆፈረው፣ ያንን ድልድይ ማን እንዳነጸው፣ የትኛው መታጠፊያ ላይ ሰው እንደሞተ። ሲጨርሱ ጨርቁን ፈቱ። አውራ ጣታቸው ጥፍር የለውም፤ ከመሃል ተሰንጥቆ የዳነ ነው።

«ይህን የበላው ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ያለው ድንጋይ ነው» አሉኝ።

የሕግ መጽሐፍ ሳገላብጥ የከረምኩት ሰውዬ፣ ስለ መንገድ ለመሟገት ተነስቼ መንገዱ የማን እንደሆነ ሳልጠይቅ! እንዲያ ያፈርኩበት ቀን የለም።

ከሰዓት ሁለታችንንም ጠሩን። መርማሪው «ጣቴን ያሳረፍኩት ይዘቱ ሳይነገረኝ ነው» ከሚል ወረቀት ጋር የቀለሙን ሳጥን ከፍቶ ወደ ሽማግሌው ገፋው።

«አባቴ፣ እዚህ ላይ ካሳረፉ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ በነጻ የሚያሳልፍ ወረቀት ይሰጥዎታል።»

«ለጎረቤቴስ?»

«የተፈቀደው ለእርስዎ ነው።»

«እንግዲያ ጎረቤቴ ሲከፍል እኔ ቆሜ ላየው ነው?»

ጨርቁን ቀስ ብለው ፈትተው አጠፉት። ጣታቸውን ከቀለሙ ርቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«እየው፣ ልጄ። ይቺ ጣት ለዚያ መንገድ ከፍላለች። አማና ናት፣ የሰው አደራ፤ አልሸጣትም።»

መርማሪው ጣቷን አያት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። የሰጠኝን ወረቀት ሳልፈርምበት መለስኩለት።

«አንድ ባዶ ወረቀት ስጠኝ» አልኩት።

ለምን እንደሰጠኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። እዚያው ጠረጴዛው ላይ ስድስተኛውን ነጥብ ጻፍኩ፦ መንገዱ በአካባቢው ሕዝብ ጉልበት የተሠራ የሕዝብ መንገድ ነው፤ የሠራውም ሰው ምስክር ነው። ለሽማግሌው ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ጣታቸውን በፈቃዳቸው ቀለሙ ውስጥ ነከሩ። እኔም ፈረምኩ። ፊርማዬ ብቻውን ስላነሰብኝ አውራ ጣቴን ከጎናቸው አተምኩ።

በዚህ ምክንያት ብዙ ሳምንት ተጨመረብን። ልጄ የተወለደችው እኔ መጋዘኑ ውስጥ ሳለሁ ነው። ሚስቴ አራስነቷን ጨርሳ ስንቅ ይዛ ስትመጣ «እኔ ሥራዬን ሠርቻለሁ፤ አንተ ያንተን ጨርስ» አለችኝ በበሩ ስንጥቅ። በእሷም በሽማግሌውም የኮራሁትን ያህል በራሴ ኮርቼ አላውቅም።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲነሳ ያለ ክስ ተለቀቅን። ማመልከቻው ከስድስት ነጥቡ ጋር ወደ በላይ አካል ሄደ፤ ከብዙ ወር በኋላ ፈቃዱ መሰረዙን የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ መጣ። ገመዱ ተፈታ። ሁለቱ ምሰሶዎች አሁንም አሉ፤ በገበያ ቀን ሰው አህያውን ያስርባቸዋል። ሽማግሌው አርፈዋል። አስከሬናቸው በዚያው መንገድ ሲያልፍ በምሰሶዎቹ መካከል ያስቆመን ማንም አልነበረም።

የጥብቅና ፈቃዴ ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ስድስተኛው ነጥብ የተጻፈበት ወረቀት ቅጂ ደግሞ ጠረጴዛዬ መስታወት ሥር አለ። ከግርጌው ሁለት አውራ ጣቶች ይታያሉ፤ አንዱ ሙሉ ነው፣ አንዱ ከመሃል የተሰነጠቀ። ሰው ሲመጣ ጠበቃ መሆኔን የማሳየው በግድግዳው አይደለም።