ሉማሜ ላይ ራሱን ሰደበ

«ዘፈነው! በእናቴ እምልልሻለሁ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘፈነው!»

የሮክ ባንዳችን ድራመር ናት፤ ሉማሜ ከአጎቷ ልጅ ሰርግ ላይ ሆና ስትደውል። ከኋላዋ እልልታው ይሰማኛል። ማን እንደዘፈነ አልጠየቅኋትም። ሰርጉን እንዲያሞቅ የተጠራው የድሮው ዘፋኛችን ነበር፤ የዘፈነው ደግሞ የእኔን ዘፈን ነው። ደብረ ማርቆስ አስፋልት ዳር ስልኬን ይዤ ዘለልኩ። አንድ ባጃጅ ጡሩምባ ነፋብኝ፤ ይንፋ።

ደስታዬ የጨዋ ደስታ አይደለም። የበቀል ነው።

አምና የመጀመሪያውን የሮክ አልበማችንን ስንሠራ ግጥሙ ሁሉ የእኔ፣ ማይኩ የእሱ ነበር። አንዱን ዘፈን እኔ ልሞክረው ስለው፣ «አንቺ ጻፊ። ድምፅሽ የትምህርት ቤት ደወል ነው፤ ሰው ይሰለፋል እንጂ አይጨፍርም» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። አልበሙንም፣ ተው ስንለው፣ በሁዳዴ ለቀቀው። እኛ አገር በሁዳዴ ማን ዘፈን ይከፍታል? ባጃጁም ሻይ ቤቱም መዝሙር ነው። ሰሚ ሲጠፋ «ግጥሙ ነው የገደለን» ብሎ ጥሎን ሄደ። «ያለ እኔ ማን ሊሰማችሁ!» አለ ሲወጣ።

ስለዚህ ሁለተኛውን አልበም እኔው ልዘፍነው ሆነ። ካልተሰማሁ፣ እሱ ልክ ነበር ማለት ነው።

የቀዳነው አባቴ ጭድ በሚያስቀምጥበት ቤት ነው። ጭድ ድምፅ ይውጣል፤ ጊታሩ አያስተጋባም። አቧራው ግን ያስነጥሳል፤ ቤዝ የሚጫወተው ልጅ ስንቱን ዘፈን በማስነጠስ አበላሸው! እማዬ ደግሞ በሩን በርግዳ፣ «ላሞቹ ወተት ከከለከሉኝ አንቺን ነው የማልበው!» ትላለች።

በኛ ሰርግ ሴቶች ሚዜን በዘፈን ይሰድባሉ። ጫማው አይቀር፣ አፍንጫው አይቀር፤ ከተቆጣ ደግሞ ይብስበታል። በዚያው ወግ አንድ ዘፈን ጻፍኩና ጊታር አስጮህኩበት። የማንንም ስም አላነሳሁም። ብቻ የሚሰደበው መስታወት ባየ ቁጥር ፀጉሩን የሚያበጥር፣ ለራሱ የሚያጨበጭብ ሚዜ ነው። እንዲህ ያለ ሰው የማውቀው አንድ ብቻ ነው።

ፋሲካ እስኪያልፍ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ። ሰርግ ሲከፈት አልበሙን ለቀቅን፤ ለባጃጅ ነጂዎችም በፍላሽ አደልን።

ሉማሜ ላይ ታዳሚው «የሚዜውን! የሚዜውን!» እያለ ጮኸ አሉ። እሱ «አላውቀውም» ሲል አንዲት እናት፣ «ምን ዓይነት ዘፋኝ ነህ አንተ? ሕፃን የሚያውቀውን!» አሉት። ምን ያድርግ፣ ጀመረ።

«ፀጉሩ ጋ ሲደርስ እጁ ራሱ ወደ ፀጉሩ ሄደ!» አለችኝ ድራመራችን፣ በሳቅ እየታፈነች።

«ገባው?»

«ፊቱ በርበሬ መሰለ እንጂ! ይደገም አሉት።»

«ደገመው?»

«ምን ምርጫ አለው!»

«ልታዝኚለት ይገባል» ትላለች እማዬ፣ ይህን ስነግራት። አዝንለታለሁ፣ ሌላ ጊዜ።

ከዚያ ድራመራችን ስልኩን ለአጎቷ፣ ለሙሽራዋ አባት ሰጠቻቸው።

«ዘፋኟ አንቺ ነሽ?»

እንዲህ ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም። «አዎ፣ አባባ።»

«እሁድ መልስ ነው፤ እዚሁ ሉማሜ፣ እኔ ቤት። መጥተሽ የሚዜውን ዘፈን ራስሽ አውጪልን። ይሄ የዘፈነው ልጅም ስላለ አዝማቹን ይቀበልሻል።»

«እሺ አባባ፣ እግዜር ያክብርልኝ።»

«ወዳጅ ካለሽም ይዘሽ ነይ፤ ድንኳኑ ሰፊ ነው።»

ወዳጆቼ እናንተ ይህን የምታነቡት ናችሁ። እሁድ ኑ። እኔ አወጣለሁ፣ እሱ ይቀበላል። ከፊት ቁሙ፤ ፊቱ በደንብ የሚታየው ከዚያ ነው።