ወይዘሮ ሂልትሩድ ገና አልፈቀዱም

ወንድሜ ኦርትቪን መሞቱን የነገሩኝ የእባብ አርቢዎች ማኅበር ሊቀመንበር አቶ ሉደማን ናቸው። ድንች እየላጥኩ ስልኩን አነሳሁ። በማኅበሩ አዳራሽ ተቀምጦ ሳለ ልቡ መቆሙን ነገሩኝና ትንፋሽ እንኳ ሳይስቡ፣ "ለመሆኑ እባቧን ማን ይወስዳታል?" አሉ።

ኦርትቪን በጀርመን ካስል ከተማ ትራም ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ወንደላጤ ነበር። ሂልትሩድ የምትባል አይጥ በል እባብ ነበረችው፤ "እርስዎ" ይላታል። እኛ ዘንድ ታላቅየው ካልፈቀደ "አንቺ" አይባልም። "ወይዘሮ ሂልትሩድ ገና አልፈቀዱልኝም" ይል ነበር፣ ፈገግ ሳይል።

አያያዙም እንደዚያው ነበር። ከላይ የሚመጣባት ጭልፊት ነው ብሎ ከጎን ይቀርባታል፤ በሁለት እጁ ከሆዷ ሥር ደግፎ ያነሳታል እንጂ አይጨብጣትም። ከበላች በኋላ ምግቧ እስኪፈጭ አይነካትም። አትንኩኝ ስትል ጅራቷን ካንቀጠቀጠች የመስታወት ሳጥኗን ክዳን መልሶ፣ "ይቅርታ፣ ሌላ ቀን እመጣለሁ" ይላል። የማኅበሩ ሰዎች ይስቁበት ነበር።

ማኅበሩ ጎብኚዎች በተቀበለበት ቀን ግን አቶ ሉደማን አዲስ ኮት ለብሰው፣ "እባብ ጌታውን ማወቅ አለበት" ብለው አንገቷን ከላይ ያዙ። መርዝ ባይኖራትም አውራ ጣታቸውን ነከሰች፤ እባብ ሲፈራ የሚለቀውን ክርፋትም ኮታቸው ላይ ለቀቀችው።

"ስድ ናት ይህቺ" አሉ።

"ሳይተዋወቁ አንገት ይያዛል እንዴ?" አለ ኦርትቪን።

"ኮቴስ?"

"ኮትዎን ዛሬውኑ ይቀይሩታል። እሳቸው ቆዳቸውን የሚቀይሩት ጊዜው ሲደርስ ነው።"

ከቀብሩ በኋላ ያ ሁሉ እባብ አዋቂ ኬኩን እየበላ ሰበብ ደረደረ። አንዱ ቦታ የለውም፤ አንዷ ድመት አላት። አቶ ሉደማን፣ "የእኔዎቹ ጨዋ ናቸው፤ ጠባያቸውን ታበላሽብኛለች" አሉኝ።

"እሷስ ሰው ፈርታ ነው" አልኳቸው። "እርስዎ ምን ፈርተው ነው?"

ሌላ ቁራጭ ኬክ አነሱ።

የኦርትቪን አከራይ ቤቱን በዚህ ወር ባዶ አድርጌ ካላስረከብኩ እባቧን ወደ እንስሳት መጠለያ እንደሚልካት ነግሮኛል። ተናካሽ ናት ተብሎ ከተጻፈባት ደግሞ ከዚያ የሚያወጣት የለም። ስለዚህ እኔው ልወስዳት ቆረጥኩ። ትናንት እሷን የምከትበት የጨርቅ ከረጢት ይዤ ወደ ቤቱ ሄድኩ፤ ክዳኑን ከፍቼ እጄን ከጎን አስጠጋሁ። ጅራቷ ተንቀጠቀጠ፤ "ይቅርታ፣ ሌላ ቀን እመጣለሁ" ብዬ ክዳኑን መለስኩ።

ሂልትሩድ አሁንም እዚያው ናት። አላነሳኋትም።