ድዴ ደማ፣ ሆዴ ተከሰሰ

ማሽላ በዓይን አይገዛም። ፀሐይ ላይ የዋለ ጆንያ ላዩ ደርቆ መሀሉ እርጥብ ሊሆን ይችላል። እርጥብ ሆኖ መጋዘን የገባ ማሽላ ደግሞ ይሞቃል፣ ይሻግታል፣ የጎረቤቱን ጆንያ ሁሉ ይዞ ይበላሻል። ስለዚህ በሱዳኗ ገዳሪፍ የእህል ገበያ ጫፉ የሾለ ብረት ጆንያው መሀል ይሻጥና ከውስጥ የወጣችውን ፍሬ ሰው ይነክሳታል። ደረቅ ከሆነች ቀጭ ብላ ለሁለት ትከፈላለች። እርጥብ ከሆነች እንደ ፈሪ ምስክር ትለመጣለች። ሰሊጥም ቢሆን ያው ነው፤ የከረመው ምላስ ላይ ይመራል፣ አሸዋ የገባበት ጥርስ ላይ ይጮኻል።

ያ ነካሽ እኔ ነበርሁ። ከጎንደር በኩል በስደት መጥቼ፣ ፊደልም ሒሳብም ዐረብኛም ከጆንያ ላይ የተማርሁ ሰው ነኝ። በገበያው ትልቁን መጋዘን የያዘው ሱዳናዊ ሽማግሌ እኔ ሳልነክስ መኪና አያስራግፍም ነበር።

ሆዴ ያኔም ነበረ። አልደብቀውም፤ ልደብቀው ብልም ጀለቢያ የሚሸፍነው ዓይነት አይደለም። በዚያ ገበያ ደግሞ ሆድ ነውር አልነበረም። ሆድ ያለው ነጋዴ የሰው ሸቀጥ ይዞ ሲሰወር አይተን አናውቅም፤ ሮጦ የት ሊደርስ!

ሞባይል ገበያችን ውስጥ መጮህ በጀመረበት ሰሞን፣ አንድ ቀን ለሶላት ስሰናዳ አፌን የፋቅሁበት እንጨት ቀይ ሆኖ ወጣ። በማግስቱም እንደዚያው። እኛ አገር የቆሰለ ነገር አይነካም፤ የበሬ ጫንቃ ሲላጥ ቀንበር ይወርድለታል። እኔም ለድዴ ቀንበሩን አወረድሁለት፤ መፋቂያውን ተውሁት። ደሙ የቀነሰ መሰለኝ። የማያዩት ነገር ሁሉ የቀነሰ ይመስላል።

እየቆየ ግን ማኘክ አመመኝ። መጀመሪያ ቆሎ ቀረ፣ ቀጥሎ የተጠበሰ ሥጋ፣ ቀጥሎ የዳቦ ቅርፊት። በነሱ ቦታ የማይታኘክ ነገር ገባ፤ ገንፎ፣ የላመ ፉል፣ ከሁሉም በላይ ወተት ሻይ ውስጥ የተነከረ ብስኩት። የሱዳን ሻይ ደግሞ ማንኪያ የሚያቆም ስኳር አለው። ብስኩት ጨዋ ነው፤ ድድ አይነካም፣ ቶሎ ወርዶ ሌላውን ይጠራል። በዓመቱ ልብስ ሰፊው ጀለቢያዬን በጎንና በጎን ተርትሮ ጨርቅ ጨመረበት።

ከኔ ጋር በአንድ ዳስ ጥላ ሥር የሚውል የአገሬ ልጅ ነበረ፤ ነፋስ ሲነሳ ምሰሶ የሚይዝ ቀጭን ሰው። ሲስቅ አፉን በመዳፉ ይሸፍናል፤ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር። ምላሱ ግን ጨዋ አልነበረም።

«አንተ ጃል፣ ሆድህ ጥርስህን መብላት ጀመረ ወይ?»

«ያንተንስ ሆድ ምን በላው?» እለዋለሁ።

ቀልድ ነበር፤ አንድ የአዝመራ ጠዋት እስኪደርስ ድረስ። ሽማግሌው መኪና አስቁሞ ፍሬ አቀበለኝና ነከስሁ። ጥርሴ ተነቃነቀ። ቀጭ ያለው ማሽላው ይሁን እኔ መለየት አቃተኝ። ፍሬዋን መዳፌ ላይ ብተፋት ደም ለብሳለች። ሽማግሌው አያት፤ ቀጥሎም እኔን አየኝ።

«ያ ሐበሺ» አለ ቀስ ብሎ፣ አንተ ሐበሻ ማለቱ ነው፣ «አፍህን ታከም። እስከ መጪው አዝመራ ካልዳንህ ሌላ አፍ እይዛለሁ።»

ለጊዜው የያዘው አፍ የዚያን የቀጭኑን ነበር።

ገበያው ዳር ጥርስ የሚነቅል ሰው ዘንድ ሄድሁ። አፌን ከማየቱ በፊት ሆዴን አየ። ከዚያ በሁለት ጣቱ ከንፈሬን ገልጦ፣ «የታቹ የፊት ጥርስ በሙሉ ይነቀል፤ ሰው ሠራሽ እገጥምልሃለሁ» አለኝ። «ሆድህንም ቀንስ። አፍህን ያበላሸው ሆዳምነት ነው።»

«የምትገጥምልኝ ጥርስ ማሽላው እርጥብ መሆኑን ይነግረኛል?»

«ለሳቅ ግን ያምራል።»

«እኔ በሳቅ አይደለም የምኖረው» ብዬ ተነሣሁ። ጥርስ ባዳ ነው ይላሉ አባቶቻችን፣ ሐዘን ቤትም ስለሚስቅ። ይሁን፤ ባዳም ቢሆን አርባ ዓመት አብሮኝ የበላ ነው፣ በአንድ ሰው ምላስ ከቤቴ አላስወጣውም። ሆዳም መባሉም አንገበገበኝ። ሆዳም ሰው እኮ የሚወደውን ይበላል። እኔ ሥጋ እያማረኝ ብስኩት የምነክር ሰው ነበርሁ።

ከሰላ በምትባለው ከተማ ሐኪም ቤት አንዲት የጥርስ ሐኪም አለች ሲሉ ሰማሁና ተሳፈርሁ። መንገድ ላይ ሾዋክ ከምትባል ከተማ አውቶቡሱ ሲቆም ተሳፋሪው ሁሉ ጥብስ ከቦ ተቀመጠ። እኔ ብቻዬን ሻይ ውስጥ ብስኩት ነከርሁ። አጠገቤ የነበረ ሰው ሆዴንና ብስኩቴን እያፈራረቀ አየ። ምን እንዳሰበ አውቃለሁ፤ አልነገርሁትም።

ሐኪሟ ወጣት ሱዳናዊት ነበረች። መጀመሪያ ያየችው አፌን ነው፤ በዚያው ገዛችኝ። መስታወቷን አስገብታ ብዙ ቆየች።

«ያ ሐጅ» አለችኝ። ሐጅ አላደረግሁም፤ ሱዳን ውስጥ ግን ሽበትና ሆድ የያዘ ሁሉ ሐጅ ነው። «ጥርስህ ምንም አልሆነም። የታመመው የቆመበት መሬት ነው። ከድድህ ሥር እንደ ድንጋይ የጠጠረ ቆሻሻ አለ፤ እሱ ላይ በዓይን የማይታዩ ተህዋስያን ሰፍረዋል። ድድህ የሚደማው ከነሱ ጋር ሲዋጋ ነው።»

«ሆዴ ነው ያመጣቸው አሉኝ።»

ወንበሯን ሳበች። የድድ በሽታና ውፍረት ብዙ ጊዜ አብረው እንደሚገኙ፣ ከነዚያ ተህዋስያን አንዳንዶቹ በወፍራም ሰው አፍ ውስጥ በዛ ብለው እንደሚታዩ ነገረችኝ። የበዛ ስብ ሰውነትን ውስጥ ለውስጥ ያስቆጣዋል፣ ድድም በዚያ ይብስበታል። በሌላ በኩል ደግሞ ከድድ ወደ ደም የሚገባው ነገር ሰውነት ስኳርና ስብ የሚይዝበትን መንገድ ያውከው ይሆናል ብለው የሚጠረጥሩ ሊቃውንት አሉ። «ማን ማንን እንዳመጣ ግን እስካሁን የቆረጠ የለም» አለች።

«ዝናብና እንቁራሪት አብረው ይመጣሉ» አልሁ። «እንቁራሪት ዝናብ አመጣች የሚል ሰው ግን በገበያችን የለም።»

«እንቁራሪቷስ በዝናቡ አይደለም የምትራባው?»

ይህች ሴት ሰሊጥ ብታሻሽጥ ኖሮ ሁላችንንም ታከስረን ነበር። ያኔ የብስኩቱንና የሻዩን ነገር ነገርኋት፤ ከደሙ እስከ ጀለቢያው ቅጥያ። ሰምታ ስትጨርስ ፈገግ አለች።

«እንግዲህ ያንተ ድድ በብስኩት በኩል ዞሮ ሆድህን አሳድጎታል።»

«በሐሰት ተከስሻለሁ ማለት ነው።»

«በግማሹ። ግማሹ ያው ነው፤ ያ ሁሉ ስኳር ለድድህም አይበጅም።»

ጣቴን ወግታ ስኳር ለካች። ድንበሩ ላይ ነህ፣ አልተሻገርህም አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ድንበር ላይ የኖርሁ ሰው መሆኔን ነገርኋት።

ከዚያ ጠረገችኝ። ጥርስና ድድ መሀል ብረት ሲገባ ድምፁ የሚሰማው በራስ ቅል ውስጥ ነው፤ ብረት ምጣድ በድንጋይ እንደ መፋቅ ያለ። ተመላልሼ ሄድሁ። አንዲት የጎን ጥርስ አልተረፈችም፤ ለንግዱ አታስፈልግም ነበርና አሰናበትኋት። ሐኪሟ ስትጨርስ የአራክ ዛፍ መፋቂያና ብሩሽ ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ «በወደድኸው ፋቅ» አለች፣ «ቢደማም ፋቅ። የሚደማው ስለምትፍቅ አይደለም፣ ስለተውህ ነው።»

«ድዴ ሲድን ሆዴ ይጎድላል?»

«እሱን አልሸጥልህም።»

የሌላትን ሸቀጥ አልሸጥም ያለች ባለሙያ ያየሁት ያኔ ነው። ለዚህ ስል ብቻ እንኳ ያዘዘችኝን ሁሉ አደረግሁ።

ተመልሼ ዳሱ ሥር፣ ሰው ፊት፣ መፋቅ ጀመርሁ። ቀይ ምራቅ አሸዋው ላይ ስተፋ ቀጭኑ ወዳጄ መዳፉን አፉ ላይ አድርጎ ይስቃል። «ምነው፣ በግ ታርዷል እንዴ?» ሌላው ይቀበለዋል፤ «በጉማ ሆዱ ውስጥ ነው!» ጀርባዬን አላዞርሁላቸውም። ፊት ለፊታቸው ፋቅሁ። እየሰነባበተ ምራቄ ነጣ። ስኳሩን ቀነስሁ፣ ብስኩቱን ተውሁ፣ ሥጋውን በገዛ ጥርሴ ነጨሁ። ሆዴ ትንሽ ጎደለና ከዚያ በቃኝ አለ። አልተከራከርሁትም፤ በቃኝ ሲል ያኔ የመጀመሪያው ነው።

አዝመራ ደረሰ። ሽማግሌው መኪናው አጠገብ ቆሟል፣ ቀጭኑ ጆንያው ላይ ወጥቷል፣ እኔ ከታች ነኝ። ቀጭኑ ፍሬዋን አፉ ውስጥ ጨመረ። ወደ ግራ ወሰዳት፣ ወደ ቀኝ መለሳት፣ ደግሞ ወደ ግራ። ከዚያ እንዳለች አወጣትና ሌላ ፍሬ ከብረቱ ላይ አንሥቶ ለኔ ዘረጋልኝ።

«አንተ ንከሳት» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ነከስሁ። ተለመጠች። የፊት ጥርሴ ንቅንቅ አላለም።

«መሀሉ እርጥብ ነው» አልሁ።

ባለ እህሉ ጮኸ፤ «እርጥቡ የሱ ሆድ ነው!» ገበያው በሳቅ ፈረሰ።

«የኔ ሆድ ለሽያጭ አልቀረበም» አልሁት። «የቀረበው ያንተ ማሽላ ነው።»

ሽማግሌው አንዱን ጆንያ ሸራ ላይ አስገለበጠ። ከመሀል የወጣው እጅ ሲገባበት ይሞቅ ነበር። የሾለውን ብረት ከቀጭኑ እጅ ተቀብሎ ለኔ ሰጠኝ።

ከሰዓት ዳሱ ሥር ቀጭኑ ከኒው ሀልፋ እርሻ የመጣ ሸንኮራ ይዞ ተቀምጧል። አላምጦ የተፋውን ገለባ በእግሩ አሸዋ ሊያለብሰው ሲል አየሁት። ገለባው ሮዝ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልሁት።

«ካንተ በፊት።»

ያኔ ዝም ብል ኖሮ ወሊይ፣ ቅዱስ ሰው፣ እባል ነበር። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ የሰጠኝን ሁሉ ሳላጎድል መለስሁለት። በጉን፣ ደሙን፣ ሁሉንም። «የሌለህ ሆድ እንዴት አድርጎ ጥርስህን በላው?» አልሁት መጨረሻ ላይ።

«በአላህ ተወኝ።»

«ነገ በሾዋክ በኩል ከሰላ ትሄዳለህ። አብሬህ እሄዳለሁ።»

«ሆዴን ታይብኛለች?»

«ምን ሆድ አለህና! አፍህን ክፈትላት።»

ሳቀ። እጁ ወደ አፉ ሲሄድ ያዝሁት።