አረንጓዴው ግላስ እና የማትሰማው ጣቴ

መጀመሪያ ያየሁት ደሙን ነው። ሕመም የሚባል ነገር አልነበረም። እንጅባራ ካለችው የስፌት ቤቴ ተቀምጬ ነጭ ጨርቅ ላይ ጥልፍ ስጠልፍ ቆይቼ ብገለብጠው፣ ጀርባው ቀልቷል። ጨርቁን ከሥር የምደግፍበትን የግራ እጄን የቀለበት ጣት መርፌው ደጋግሞ ወግቶት ኖሯል። እኔ አልሰማሁም።

ታዲያ ምን አደረግሁ? ኮራሁ! እኛ ልብስ ሰፊዎች ጣታችን በመርፌ ሲደነድን እንደ ማዕረግ ነው የምንቆጥረው። የከሰል ካውያውን ጎን በባዶ እጄ እየነካሁ "አያችሁ፣ አያቃጥለኝም!" እያልኩ ለጎረቤት አሳይ ነበር። በማግስቱ የትንሿ ጣቴ ጎን ውሃ ቋጥሮ አገኘሁት፤ ያኔም ሳቅሁ። ይህን የምጽፈው እንደኔ የሚስቅ ካለ ሳቁን ትቶ እንዲመረመር ነው።

ከግራ ክርኔ ዝቅ ብሎ ደግሞ ነጣ ያለ ነገር ወጥቶብኝ ነበር። እማ "ቋቁቻ ነው" አለች። የሄድኩበት ክሊኒክም ቋቁቻ ነው ብሎ ቅባት ሰጠኝ። የጣቴን መደንዘዝ "የእንጅባራ ብርድ ነው" አሉኝ፤ ብርዱስ አይካድም። ውስጤ ግን እምቢ አለ። ቦታው አያሳክክም፣ አያምም፣ ጭራሽ የኔ ገላ አይመስልም።

ያን ሰሞን ውስጤ የሚነግረኝ ሁለት ነገር ነበር። አንዱ "ይህ ሌላ ነው፣ ተመርመሪ" የሚል ነው። ሌላው ከልጅነቴ ጀምሮ ያልለቀቀኝ ሐሳብ ነው፤ የራሴን ግላስ መሥራት። ግላስ ኮርቻ ላይ የሚለበስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀይ የሆነ ጌጠኛ ጨርቅ ነው። በጥር የአገው ፈረሰኞች ለዓመታዊ በዓላቸው ሲወጡ ሜዳውን የሚያስጌጠው እሱ ነው። እኔ ግን የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር አረንጓዴ ከፋይ ላይ በወርቅማ ክር የተጠለፈ የቀርከሃ ቅጠል ይታየኝ ነበር። አንድ ቀን ደፈር ብዬ ከግምጃ ቤት ከተማ ለሚመጡት ደንበኛዬ፣ ለአያ መኮንን፣ ነገርኳቸው። አያ መኮንን ዕድሜ የጠገቡ ፈረሰኛ ናቸው።

"አረንጓዴ? ፈረሴ ሣር መስሎት ዞሮ ሊግጠው?" ብለው ሳቁብኝ። ጥቂት ሄዱና ተመለሱ። "በይ እስቲ ስፊው። ለጥር ይድረስ!"

በደስታ ቅጥ አምባሬ ጠፋ! ግን ጣቴ አይሰማም። በዚያው ሳምንት ሆስፒታል ሄድኩ።

ዶክተሯ "ዓይንሽን ጨፍኚ፤ በጥጥ ስነካሽ ቦታውን በጣትሽ አሳዪኝ" አለችኝ። ጨፈንኩ። ቀኝ ክንዴን ነካች፤ አሳየሁ። ከዚያ ጠበቅሁ። አሁንም ጠበቅሁ። "ግራውን አትጀምሪም ወይ?" ልላት አፌን ስከፍት "ጨርሻለሁ" አለች።

ክርኔ አጠገብ ያለውን ነርቭ ዳሰሰች። አልናር ነርቭ ይባላል። አብጧል። ከቆዳዬ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ መጣ።

"የሥጋ ደዌ ነው።"

ወንበሩን ያዝኩ። በእኛ ዘንድ ይህ በሽታ ስድብም ነው። ሞትን አላሰብኩም። ጣቴን አሰብኩ። ግላሱን አሰብኩ። ከኔ እጅ ማን ጨርቅ ይቀበላል?

"ስሚኝ፣ ይድናል" አለች ዶክተሯ። "መድኃኒቱ በነጻ ነው። ከጀመርሽ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሰው መተላለፉ ይቆማል። የጠፋው ስሜት ግን ሁሉም ላይመለስ ይችላል። ሳይብስ መምጣትሽ ጥሩ ነው።"

ሦስቱ መድኃኒቶች፣ ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶን እና ክሎፋዚሚን፣ በአንድ እሽግ ይሰጣሉ፤ እኔ ዓመት ሙሉ ወሰድኳቸው። ለነርቩ እብጠት ፕሬድኒሶሎን ተጨመረልኝ፤ እሱ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው፣ በገዛ እጅ አይቋረጥም። ሪፋምፒሲን ሽንትን ያቀላል፤ አትደንግጡ። ክሎፋዚሚን ፊቴን ሲያጠቁረው እማ "ጠይም ቆንጆ ወጣሽ" እያለች ታሾፍብኝ ነበር። እሷም ተመርምራ ነጻ ሆነች።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ከፋዩን ከመቁረጤ በፊት ለአያ መኮንን መናገር ነበረብኝ። በገበያ ቀን መጡ። በር ላይ ቆሜ ነገርኳቸው። ደጅ ወደታሰረው ፈረሳቸው ዞር ብለው አዩ።

"ፈረስም ይይዛል?"

"አይ፣ አያ፣ ፈረስ አይይዝም። እርስዎንም አያሰጋዎትም፤ መድኃኒት ጀምሬያለሁ።"

"እንዲያ ከሆነ ምን አስቀመጠሽ? ጥር ደረሰ እኮ!"

እያለቀስኩ ሳቅሁ።

ዶክተሯም ስፌት አትተዪ ብላኝ ነበር፤ ብቻ እጄ የማይሰማውን ዓይኔ እንዲጠብቀው አዘዘችኝ። ከጨርቅ ሥር ያለን እጅ ግን ዓይን እንዴት ይጠብቀዋል? ስፌት የሚያውቁ ሁሉ "ጥልፉን ተዪው፣ ማሽኑ ይበቃሻል" አሉኝ፤ እኔ ግን ቀርከሃ የሚሠራው ጎረቤቴ ዘንድ ሮጥኩና ባለ እግር ትልቅ የጨርቅ ወጣሪ አሠራሁ፣ ከፋዩን ከዳር እስከ ዳር ወጠርኩበት፣ ቀኝ እጄ ከላይም ከታችም መርፌውን ሲያመላልስ ግራዬ ፊት ለፊቴ ሆና ክሩን ታቀና ጀመር። ጉድ እኮ ነው! ድሮ ጨርቁን ጭኔ ላይ አድርጌ የማየው የመዳፍ ያህል ብቻ ነበር፤ አሁን ግላሱ በሙሉ ፊቴ ተዘርግቶ ሳየው ቅጠሎቹ ሁሉ ነፋስ እንዳገኛቸው ወደ አንድ ወገን እንዲያዘነብሉ አደረግኋቸው፣ ፈረሱ ቆሞ እንኳ የሚሮጥ እስኪመስል ድረስ። በልቤ ከሳልኩት በልጦ ተገኘ። ካውያውን ከዚያ ወዲህ በወፍራም ጨርቅ ነው የምይዘው፤ እጄንም በየቀኑ ውሃ ውስጥ ነክሬ ቫዝሊን እቀባለሁ፣ ቁስል እንዳለው አገላብጬ አያለሁ።

ጥር ደረሰ። ቀይ በቀይ በሆነው ሜዳ መሐል አረንጓዴው ብቅ ሲል ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። "የማን ሥራ ነው?" ብለው ጠየቋቸው። አያ መኮንን በአውንጊም በአማርኛም ጮኹ፦ "የእንጅባራዋ ሰፊ ናት! ታማ ነው የሰፋችው፤ ጤነኞቹ የት ነበራችሁ?" የበሽታዬ ነገር በአደባባይ ሲነሳ የመጀመሪያዬ ነበር። አላፈርኩም።

ለዶክተሯ፣ ለእማ፣ ለአያ መኮንን ምስጋናዬ ብዙ ነው። መድኃኒቱን ጨርሻለሁ። የቀለበት ጣቴ በከፊል መስማት ጀምራለች፤ ትንሿ ግን እስካሁን ድንዝዝ ናት፣ እንዲሁ እንደያዝኳት እኖራለሁ። ገላችሁ ላይ የማይሰማ ቦታ ካለ ብርድ ነው፣ ቋቁቻ ነው በሚል አትዘናጉ። ውስጣችሁ የሚላችሁን ይዛችሁ ሐኪም ፊት ቅረቡ። ልትሠሩት የምትመኙት ነገር ካለም እስክትድኑ አታቆዩት፤ ባላችሁ እጅ ጀምሩት።

አሁን ወጣሪዬ ላይ ያለው ሰማያዊ ነው፣ እንደ ዘንገና ሐይቅ የጠለቀ ሰማያዊ። ማንም አላዘዘኝም፤ የሚገዛው ፈረሰኛም ገና አልታወቀም። እኔ ግን ግማሹን ጠልፌዋለሁ!