ምስጥ ያልበላው ቤተ ክርስቲያን

የልጅ ልጄ ለትምህርት ፈረንጅ አገር ሄዳ እዚያው ባል አገኘች። ባለፈው በቪዲዮ ደውላ የሚጋቡበትን ቤተ ክርስቲያን አሳየችኝ። የካቶሊኮች ነው፣ በአንዲት ቅድስት ሴት ስም የተሠራ። ድንጋዩ ሽቅብ ሽቅብ ሄዶ ጫፉ እንደ ጦር ሾሏል።

«እማዬ፣ እዚህ እንዳገባ መርቂኝ» አለች።

«አልመርቅም! አዲስ ቤት ነው። እኔ ልጆቼን ሁሉ የመረቅኳቸው አሮጌ ቤት ውስጥ ነው፤ አሮጌ ቤት ምርቃት ለምዷል።»

«ኧረ ስንት መቶ ዓመቱ ነው!»

«አታታልዪኝ። ይሄን ያህል ረዝሞ?»

እኛ ጨንቻ የቀርከሃ ቤታችን አዲስ ሲሆን ረጅም ነው። ከዚያ ምስጥ ከሥር ይበላዋል፤ የተበላውን እየቆረጥን ስንሄድ ያጥራል። የእኔማ አጥሮ አጥሮ እኔን አክሏል፤ አብረን አረጀን።

ልጅቷ አኮረፈች። ስልኳን ወደ መሬት ስታወርደው የበሩን ደፍ አየሁት። ድንጋዩ መሃሉ እንደ ገበቴ ጎድጉዷል።

«ይሄን ምን በላው?»

«የሰው እግር ነዋ፣ ስንት ዘመን ሲረገጥ።»

«ታዲያ መጀመሪያ እንዲህ አትይም! ለካ ምስጡ እናንተ ናችሁ።»

መረቅኋት። «ጫማሽን ግን አውልቀሽ ግቢ፣ ጨርሳችሁ እንዳትበሉት።»